ከአጥር ወደ እልፍኝ፤ የድራሴና ተክል ታሪክና አያያዝ

መግቢያ

በየመሥሪያ ቤቱ መተላለፊያ፣ በየሆቴሉ መግቢያና በብዙ መኖሪያ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ቅጠሉ እንደ በቆሎ ቅጠል ረዝሞ ወደ ታች የሚዘናፈል፣ ግንዱ እንደ በትር ቀጥ ያለ ተክል በማሰሮ ተተክሎ ይታያል። የዕፅዋት ሊቃውንት ድራሴና ይሉታል። ብዙ ሰው ይህን ተክል ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ ነው ብሎ ይገዛዋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም የቅጠሉ ጫፍ እየጠቆረ ሲደርቅ ወይም ግንዱ ከሥሩ ሲለሰልስ አይቶ፣ ይህ የፈረንጅ ተክል አይበረክትም ብሎ ይጥለዋል።

ስለ አያያዙ የሚሰጠው ምክር ብዙ ነው። ውሃ አይብዛበት፣ ፀሐይ ፊት ለፊት አይምታው፣ ብርድ አይንካው፣ ውሃ ሁሉ አይስማማውም ይባላል። ነገር ግን እነዚህ ትእዛዞች ከየት እንደ መጡ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ለማሳየት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የድራሴና አያያዝ ሕግ ሁሉ የተክሉ የራሱ ታሪክ መሆኑን ነው። ምን ዓይነት ጫካ እንዳሳደገው፣ በምን ሣጥን ባሕር እንደ ተሻገረ፣ በምን ዓይነት ክፍል ከሰው ጋር እንደ ኖረ የተረዳ ሰው፣ ሕጉን በቃል ማጥናት አያስፈልገውም። ከዚህም ጋር፣ እንግዳ ነው የምንለው ተክል ዘመዶቹ በገዛ አገራችን ጫካና ገደል ላይ የቆሙ መሆናቸውን ለአንባቢ ማስታወስ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙና ወገኑ

ድራሴና የሚለው ስም ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ሴት ዘንዶ ማለት ነው። ስሙ ለሳሎን ጌጥ የማይገባ ቢመስልም ምክንያት አለው። ከዚህ ወገን የሆኑ አንዳንድ ዛፎች ግንዳቸው ሲበጣ ደም የመሰለ ቀይ ሙጫ ያፈሳሉ። ይህም ሙጫ ከጥንት ጀምሮ የዘንዶ ደም እየተባለ ለመድኃኒት፣ ለቀለምና ለእንጨት ሥራ ማስጌጫ ሲሸጥ ኖሯል።

በመጀመሪያው መቶ ዓመት የተጻፈውና የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ የሚባለው የነጋዴዎች መጽሐፍ፣ ስለ አዱሊስ ወደብና ስለ ንጉሡ ስለ ዞስካሌስ ስለሚናገር በታሪክ ተማሪዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ይኸው መጽሐፍ ዲዮስኮሪዳ ስለሚላት ደሴት፣ ማለት ስለ ዛሬዪቱ ሶቆጥራ ሲናገር፣ ከዛፍ በጠብታ የሚሰበሰብ ቀይ ቀለም እንደሚገኝባት ይመሰክራል። ሊቃውንት ይህ የሶቆጥራው ድራሴና ሙጫ ነው ይላሉ። እንግዲህ የአክሱም ሰዎች በሚነግዱበት ባሕር ላይ የድራሴና ፍሬ ነገር፣ ተክሉ የአውሮፓን ሳሎን ከማየቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ የታወቀ ሸቀጥ ነበረ ለማለት ይቻላል።

በአትላንቲክ ባሕር በካናሪ ደሴቶች የሚበቅለውን የዘንዶ ዛፍ መሠረት አድርጎ ድራሴና የሚለውን የወገን ስም ያቀረበው ቫንዴሊ የተባለ ኢጣሊያዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ታላቁ ስዊድናዊ ሊቅ ሊኒየስም በ1767 ስሙን ተቀብሎ በመጽሐፉ አጸናው። የጀርመኑ ሊቅ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1799 ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲሄድ በቴኔሪፍ ደሴት በኦሮታቫ የቆመውን እጅግ ግዙፍ የዘንዶ ዛፍ አይቶ ስለ ዕድሜው ርዝመት በመደነቅ ጽፏል። ያ ዛፍ በ1860ዎቹ ዓመታት በዐውሎ ነፋስ ወደቀ። ዕድሜው ስንት እንደ ነበረ በርግጥ ለመናገር አልተቻለም፤ ምክንያቱም የድራሴና ግንድ እንደ ጥድና እንደ ወይራ በየዓመቱ የሚቈጠር ክብ አያወጣም። ድራሴና ከዛፍነቱ ይልቅ ለሽንኩርትና ለሣር ዘር ይቀርባል።

በቤት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ግን ሙጫ የሚያፈሰው የዘንዶ ዛፍ አይደለም፤ ድራሴና ፍራግራንስ የተባለው ነው። ፍራግራንስ ማለት ሽታው ያማረ ማለት ነው። አበባው በሌሊት ተከፍቶ ብርቱ መዓዛ ስለሚሰጥ ይህ ስም ተሰጠው። ሊኒየስ በ1762 ተክሉን የገለጸው በሌላ ወገን ስም ሲሆን፣ በ1808 ኬር ጎለር የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ድራሴና ወገን አዛወረው። በዚህ ዘመን ደግሞ የዘር ምርመራ ከተስፋፋ በኋላ፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመውና ቃጫው ለገመድ የሚሆነው ሳንሴቬሪያ ከድራሴና ጋር አንድ ወገን መሆኑ ታምኖ ስሙ ተቀላቅሏል።

በአገሩ፤ አጥርና ምስክር

ድራሴና ፍራግራንስ ከምዕራብ አፍሪካ ጀምሮ እስከ ሱዳንና ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብም እስከ ሞዛምቢክና አንጎላ ድረስ በዱር ይበቅላል። የሚበቅለው በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። በዚያ ስፍራ ፀሐይ በቅጠል ወንፊት ተጣርታ ነው የምትደርሰው፤ አየሩ እርጥበት አለው፤ መሬቱ ግን በበሰበሰ ቅጠል የተሞላና ውሃ የማይቋጥር ልል አፈር ነው። ይህን ሥዕል አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ከዚህ በኋላ የምንናገረው የአያያዝ ሕግ ግማሹ ከዚህ የሚመነጭ ነውና።

የድራሴና ሁለተኛው ጠባይ በቀላሉ የማይሞት መሆኑ ነው። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ተቈርጦ እርጥብ መሬት ላይ ቢተከል ሥር ያወጣል፤ የተቈረጠውም ጉቶ ከአንጓው አዲስ ቡቃያ ይሰጣል። ስለዚህ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ድራሴና የወሰን ተክል ሆነ። ድንጋይ ወሰን በሌሊት ሊነሣ ይችላል፤ ሥር ሰዶ የቆየ ተክል ግን ሲነቀል ጕድጓዱ ይመሰክራል፣ ቢቈረጥም ተመልሶ ይበቅላል።

በታንዛንያ በኪሊማንጃሮ ተራራ ግርጌ የሚኖሩት የጫጋ ሕዝብ የድራሴናን ዓይነት ማሳሌ ይሉታል። ማሳሌ በእርሻና በግቢ ወሰን ላይ ይተከላል፤ ከዚህም በላይ የእርቅ ምልክት ነው። የበደለ ሰው የማሳሌ ቅጠል ይዞ ወደ በደለው ሰው ከሄደ፣ ያን ቅጠል አይቶ ይቅርታ መንፈግ በባህሉ ዘንድ እጅግ ከባድ ነገር ነው። በካሜሩን በባመንዳ ደጋ አገርም ንኬንግ የሚሉት ድራሴና የሰላም ተክል ይባላል፤ ሽማግሌዎች በእርቅና በሹመት ሥርዓት ላይ ይዘውት ይታያሉ። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች በሺህ የሚቈጠር ኪሎ ሜትር ተራርቀው ሳሉ ለአንድ ወገን ተክል ተመሳሳይ ክብር መስጠታቸው የሚያስገርም ነው። ምክንያቱ ከተክሉ ጠባይ የመጣ ይመስለናል፤ ወሰን የሚያጸናና ቶሎ የማይሞት ነገር፣ ቃል ኪዳንንም ለመመስከር የተገባ ነውና።

በአገራችንም ከዚሁ ወገን ዕፀ ጳጦስ የሚባል ትልቅ ተክል አለ፤ በደቡብና በምዕራብ በኩል በግቢና በአጥር ዳር ተተክሎ ይገኛል። ስሙ በመጽሐፍ ቅዱስ ሙሴ ነበልባል እየነደደባት ሳትቃጠል ያያት ቍጥቋጦ ስም ነው። ሊቃውንት ግን ድራሴና ስቶይድነሪ ይሉታል። ስቶይድነር ማን ነው ብንል፣ ከቴዎዶር ፎን ሆይግሊን ጋር በ1861 ወደ ምጽዋ የመጣ፣ በ1862 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን አገራችንን የጐበኘ፣ በ1863ም በዛሬው ደቡብ ሱዳን ዋው በተባለው ስፍራ በበሽታ የሞተ ጀርመናዊ የዕፅዋት መርማሪ ነው። እንግዲህ አንዱ ተክል ሁለት ስም ተሸክሟል፤ አንዱን የሰጠው አብሮት የኖረው ሕዝብ ነው፣ ሁለተኛውን የሰጠው በርሊን የተቀመጠ ሊቅ ነው።

በመስተዋት ሣጥን ውስጥ

ይህ የአጥርና የእርቅ ተክል የአውሮፓ እልፍኝ ጌጥ እንዴት ሆነ? ሕያው ተክልን በሸራ መርከብ ማጓጓዝ ቀድሞ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። ተክሉ በመርከቡ ወለል ላይ ቢቀመጥ የባሕሩ ጨው ይፈጀዋል፤ ከታች ቢገባ በጨለማ ይጠወልጋል፤ ለመንገደኛው እንኳ በልክ የሚታደለውን ንጹሕ ውሃ ደግሞ ለተክል የሚሰጥ የለም።

መፍትሔው የተገኘው ሳይታሰብ ነው። ናታንኤል ዋርድ የተባለ የለንደን ሐኪም በ1829 የአንድ የእሳት ራት ሙሽሬ በእርጥብ አፈር ላይ አድርጎ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጣል። ቢራቢሮው እስኪወጣ ሲጠብቅ ከአፈሩ ፈርንና ሣር በቀሉ። የለንደን የከሰል ጭስ በግቢው የተከላቸውን ፈርኖች ሲገድልበት የነበረው ይህ ሐኪም፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያሉት ውሃ ሳይጨመርላቸው ለዓመታት ሲኖሩ አይቶ ምሥጢሩን ተረዳ። በቀን ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚወጣው እርጥበት በመስተዋቱ ላይ ጤዛ ሆኖ፣ ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። በ1833 ዋርድ በሁለት የመስተዋት ሣጥኖች ተክል ሞልቶ ከለንደን ወደ አውስትራልያ ላከ፤ በደኅና ደረሱ። ሣጥኖቹ በአውስትራልያ ተክል ተሞልተው ሲመለሱም በሐሩርና በደቡብ አሜሪካ ጫፍ በረዶ ውስጥ አልፈው ተክሉ በሕይወት ለንደን ገባ። ከዋርድ ጋር ይሠራ የነበረው የሎዲጅስ የችግኝ ነጋዴ ቤት፣ ቀድሞ ከ20 ተክል 19ኙ በመንገድ ይሞትበት እንደ ነበረ፣ በሣጥኑ ከተጠቀመ በኋላ ግን 19ኙ እንደሚተርፍለት መናገሩ ተጽፏል።

በ1845 እንግሊዝ በመስተዋት ላይ የነበረውን ቀረጥ ባነሣች ጊዜ የመስተዋት ቤት መሥራት ርካሽ ሆነ። ከዚህ በኋላ የሐሩር አገር ተክል መሰብሰብ ትልቅ ንግድ ሆነ። ከነጋዴዎቹ አንዱ በብሬመን ተወልዶ በእንግሊዝ አገር በሴንት ኦልበንስ የሠራው ፍሬደሪክ ሳንደር ነው። ዛሬ በውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ተተክሎ የዕድል ቀርከሃ እየተባለ የሚሸጠው ተክል ቀርከሃ አይደለም፤ አገሩም ካሜሩንና አካባቢው ነው፤ የሊቃውንት ስሙም ይህን ነጋዴ ለማስታወስ ድራሴና ሳንደሪያና ተብሏል።

በዚያው ዘመን አውሮፓውያን አፍሪካን ይከፋፈሉ ነበር። ጀርመኖች በያዙት በታንዛንያ፣ በኡሳምባራ ተራራ፣ ዴሬማ የሚባል የቡና እርሻ ነበረ። ከዚያ አካባቢ የተወሰደውን ድራሴና የበርሊን ዕፅዋት አትክልት ቦታ ሹም የነበረው አዶልፍ ኤንግለር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዴሬመንሲስ ብሎ ሰየመው። በኋላ ሊቃውንት ከፍራግራንስ ጋር አንድ ነው ብለው ቢቀላቅሉትም፣ ነጭ መስመር ያለበት ቅጠሉ እስከ ዛሬ በየቢሮው ይታያል። በበርሊን የተከማቸው የደረቀ የዕፅዋት ናሙና በመጋቢት 1943 በጦርነቱ የአየር ድብደባ አብዛኛው ተቃጠለ። ወረቀት ላይ የተለጠፈው ናሙና አመድ ሲሆን፣ እየተቈረጠ የሚባዛው ሕያው ድራሴና ግን በየማሰሮው ተርፎ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። በተክሉ ስም ላይ የነጋዴው፣ የመንገደኛውና የእርሻው ስም ተጽፏል፤ ተክሉን ለዘመናት በወሰን ሲተክሉና ሲያባዙ የኖሩት ሕዝቦች ስም ግን አልተጻፈም። ድራሴና በሣጥን ተጭኖ ሲሄድ ቅጠሉና ግንዱ ሄደ፤ የአጥርነቱና የእርቁ ታሪክ በአገሩ ቀረ።

ከሰው ጋር በአንድ ክፍል

በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሳሎን ለተክል ምቹ ስፍራ አልነበረም። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፤ መብራቱ ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ጋዝ ነው፤ ከዚያም የሚያመልጠው አየር ቅጠልን ያረግፍ ነበር። ምክንያቱን በ1901 ያስረዳው ኔልዩቦቭ የተባለ በሴንት ፒተርስበርግ የሚሠራ ወጣት ሩሲያዊ ነው። በጋዙ ውስጥ ያለው ኤቲሊን የተባለ አየር ብቻውን የአተር ቡቃያን እድገት እንደሚያጣምም በሙከራ አሳየ። ይህ እንግዳ ነገር እንዳይመስለን፤ በአገራችን ሙዝ ነጋዴዎች ጥሬ ሙዝን በተዘጋ ክፍል ውስጥ በጭስ የሚያበስሉት በዚሁ በኤቲሊን ኃይል ነው። በዚያ ዘመን በጋዝ መብራት ሥር የጸኑት ጥቂት ተክሎች ብቻ ነበሩ። የኤሌክትሪክ መብራት ጋዙን ከተካ በኋላ ግን ብዙ የሐሩር አገር ተክሎች ከመስተዋት ቤት ወጥተው ወደ መኖሪያ ክፍል ለመግባት ቻሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ትልልቅ መስኮት ያላቸው የቢሮ ሕንፃዎች በዙ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አገር የቢሮ መልክዓ ምድር የሚባል አዲስ አሠራር ተጀመረ፤ የክፍሎችን ግድግዳ አፍርሶ ሠራተኞቹን በአንድ ሰፊ አዳራሽ ማስቀመጥና፣ አንዱን ክፍል ከሌላው በማሰሮ በተተከሉ ቅጠላማ ተክሎች መለየት ነው። የታሪክን መንገድ እዚህ ላይ እንመልከት። በኪሊማንጃሮ የጎረቤትን እርሻ ከጎረቤት ሲለይ የኖረ ወገን፣ በአውሮፓ ቢሮ ጸሐፊን ከጸሐፊ ከሚለዩት ተክሎች ጋር ተሰለፈ። ሳያውቁት የቀድሞ ሥራውን መለሱለት።

ፍላጎቱ ሲበዛ ግንዱ እንደ ኮስታሪካና ጓቲማላ ባሉ አገሮች በገፍ እየተመረተ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ይጫን ጀመር። ያን ጊዜ ሁለት ችግር ታየ። የመጀመሪያው፣ በፀሐይ ሜዳ ላይ ፈጥኖ ያደገው ተክል ቤት ሲገባ ቅጠሉን ማርገፉ ነው። በ1970ዎቹ ዓመታት በፍሎሪዳ የሠሩት ኮኖቨርና ፑል የተባሉ ሁለት መርማሪዎች፣ ተክሉ ከመሸጡ በፊት ለሳምንታት በጥላ ሥር ካልተለማመደ በቤት ውስጥ እንደማይጸና አሳዩ። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ቅጠል በጥላ ራሱን መመገብ አይችልምና።

ሁለተኛው ችግር የቅጠል ጫፍ መቃጠል ነው። የአሜሪካ ከተማ ግራንድ ራፒድስ በ1945 ጥርስን ከመበስበስ ለመጠበቅ በቧንቧ ውሃዋ ፍሎራይድ መጨመር ጀመረች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ለሰው ጥርስ የጠቀመው ግን ድራሴናን ጐዳው። ተክሉ ውሃውን ከሥር ስቦ በቅጠሉ ሲያተን ፍሎራይዱ አብሮ አይተንም፤ በቅጠሉ ጫፍና ጠርዝ ይጠራቀምና ያቃጥለዋል። ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። በስምጥ ሸለቆአችን ብዙ የጕድጓድ ውሃ ማንም ሳይጨምርበት ከእሳተ ገሞራ ድንጋዩ ብዙ ፍሎራይድ ይወስዳል። የዓለም የጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር እንዳያልፍ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ጕድጓድ አለ፤ የወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ጕዳትም በሐኪሞች የተጠና ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የድራሴና ቅጠል ጫፉ ሲቃጠል ያየ ሰው፣ ተክሉን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ የሚጠጡትንም ውሃ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ስለ ድራሴና አንድ የተጋነነ ወሬም አለ። በ1989 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር መሥሪያ ቤት ባወጣው ጥናት፣ ድራሴናን ጨምሮ አንዳንድ ተክሎች በተዘጋ ትንሽ ሣጥን ውስጥ መርዛማ አየርን እንደሚቀንሱ ተገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተክሉ የቤት አየር አጣሪ ተብሎ ይሸጣል። በ2019 የወጣ የጥናቶች ግምገማ ግን፣ ተራ የቤት አየር ልውውጥ የሚሠራውን ሥራ በተክል ለመሥራት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ከ10 እስከ 1000 ተክል እንደሚያስፈልግ አስልቷል። መስኮት መክፈት ይሻላል ማለት ነው።

ታሪኩ የሚያዝዘው አያያዝ

አሁን ሕጉን ከታሪኩ እናውጣ። ብርሃንን በተመለከተ፣ የጫካ ጥላ ልጅ ስለ ሆነ ደማቅ ግን ፊት ለፊት ያልሆነ ብርሃን ይስማማዋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የቀትር ፀሐይ ብርቱ ስለ ሆነ፣ ከመስኮቱ አንድ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ወይም ከስስ መጋረጃ ኋላ ይቀመጥ። ከችግኝ ቦታ በፀሐይ ቆሞ የተገዛ ተክል በአንድ ጊዜ ወደ ጨለማ ጥግ አይግባ፤ በበረንዳ ጥላ ጥቂት ሳምንት ይለማመድ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወዳል፤ ከ10 በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጐዳል። በደጋ ከተሞቻችን የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከዚህ በታች ስለሚወርድ፣ በእነዚህ ወራት ማታ ማታ ከመስኮትና ከበር ይራቅ። ከሰል በሚጤስበትና አየር በማይወጣበት ጠባብ ክፍልም ማኖር አይገባም፤ የለንደን ሳሎን ታሪክ አስተምሮናልና። ይህስ ለሰውም ቢሆን አደገኛ ነው።

ውሃን በተመለከተ፣ የብዙ ድራሴና ሞት ከደግነት የመጣ ነው። የጫካው አፈር ልል መሆኑን እናስታውስ። ማሰሮው ከታች የተበሳ ይሁን፤ አፈሩ ከብስባሽና ከአሸዋ ጋር ይቀላቀል፤ ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገብቶ ደረቅ ሲሆን ብቻ ይጠጣ፤ ከሥሩ ሰሐን የተጠራቀመውም ውሃ ይደፋ። በክረምት ሰማይ ሲጠቍርና ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ተክሉ ጥቂት ስለሚጠጣ ውሃው ይቀነስ፤ በበጋ ጥቂት ይጨመር። ውሃን አሳድሮ ማጠጣት የክሎሪን ሽታ ያጠፋል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም፤ ማፍላትም ውሃው ሲተን ፍሎራይዱን ያጠናክረዋል። መልካሙ የዝናብ ውሃ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ከጣሪያ አሸንዳ የሚወርደው መጀመሪያ ጣሪያውን ካጠበ በኋላ ቢጠራቀም ለወራት ይበቃል። ሱፐር ፎስፌት የሚባለው ማዳበሪያ ፍሎራይድ ስላለበት ለዚህ ተክል አይሆንም።

ቅጠሉ አቧራ ሲይዝ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ በደረቅ አየር ከቅጠሉ በታች የሚሰፍሩትን ጥቃቅን ተባዮችም ይህ ያራግፋቸዋል። ውሻና ድመት ቅጠሉን ቢበሉ ስለሚያማቸው ከእነርሱ ይራቅ። ተክሉ ረዝሞ ጣሪያ ሲነካ ወይም ግንዱ ሲራቈት መጣል አያስፈልግም። የአጥር ተክል መሆኑን እናስታውስና ግንዱን በስለታም ቢላዋ እንቍረጠው፤ ጉቶው እንደገና ያቈጠቍጣል። የተቈረጠውም 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር እየሆነ፣ የታችኛው ጫፍ ወደ ታች እንደ ሆነ፣ በእርጥብ አሸዋ ቢተከል ሥር ያወጣል። ከአንድ የተገዛ ተክል ለጎረቤት የሚተርፍ ይገኛል።

መደምደሚያ

ይህን ጥናት ስንዘጋ ዓይናችንን ከማሰሮው ወደ ተራራው እንመልስ። ስቶይድነርን ይዞ የመጣው ሆይግሊን ስሙን ያያያዘበት አንድ ሌላ ድራሴና አለ። በ1867 በታተመ መጽሐፍ ድራሴና ኦምቤት ተብሎ የተገለጸው ይህ ዛፍ፣ በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ባሉ ደረቅ ተራሮች፣ በአገራችንም በትግራይና በአፋር መካከል በሚገኘው በደስአ ደን ይበቅላል። እርሱ የሶቆጥራው የዘንዶ ደም ዛፍ የቅርብ ዘመድ ነው። ዛሬ ግን የዱር ዕፅዋትን ሁኔታ የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ዝርዝር ለመጥፋት የተቃረበ ብሎ መዝግቦታል፤ በደኑ ውስጥ ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ሳለ ከሥራቸው የሚተካቸው ችግኝ እምብዛም አይታይም።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። የካሜሩን ልጅ በውሃ ብርጭቆ ተተክሎ፣ ከሌላ አህጉር ዞሮ የዕድል ቀርከሃ ተብሎ በገንዘባችን ይመጣል፤ ዕፀ ጳጦስ ከግቢያችን አጥር ላይ ስሙን የሚጠይቀው ሳይኖር ይቈረጣል፤ ኦምቤትም በደስአ ገደል ላይ ያለ ተተኪ ያረጃል። ተክልን በቤት ውስጥ መንከባከብ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አንድን ሕያው ነገር ምን እንደሚያሳድገውና ምን እንደሚገድለው በየቀኑ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ነው። ይህን ትምህርት በማሰሮ የተማረ ሰው በደን ላይም ሊሠራበት ይገባል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱና በየኮሌጁ ግቢ ጥላ ባለበት ስፍራ ዕፀ ጳጦስ ከቁራጭ ግንድ ቢባዛ፣ የኦምቤትም ዘር በደጋና በቆላ የችግኝ ጣቢያዎች እየተፈላ ወደ ተራራው ቢመለስ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው ብለን እናምናለን። ለዕፀ ጳጦሱስ የሚያስፈልገው አንድ ቢላዋ፣ እርጥብ አፈርና ክረምት የሚጠብቅ ትዕግሥት ብቻ ነው።